ቆርቆሮዋ የሌለችበት ዘፈን

መስከረም 20

ለአጎቴ፣ ለአዳራሹ የድምፅ ሹም

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ከዚህ ከሰው አገር፣ ከአምስተኛ ፎቅ ተነሥቶ እርስዎ ዘንድ እስኪደርስ አይቀዝቅዝብኝ። እርስዎም እትዬም በጤናና በሰላም እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ሰንብቶ ነበር፤ ድምፄን ሳይወስድ ስለለቀቀኝ ተመስገን ብያለሁ።

ባለፈው ሰሞን ሬዲዮ ላይ ቀረብኩልዎ። ትልቅ ነገር እንዳይመስልዎት፤ ጣቢያው ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለ ክፍል ነው። ጠያቂዋ ራሷ በሩን ከፈተች፣ ራሷ ውሃ ቀዳችልኝ፣ ራሷ ማሽኑን አስነሣች። ከዚያ "ማንን እየሰማሽ አደግሽ? ማን ነው ዘፋኝ ያደረገሽ?" አለችኝ። እንደ እኔ በራሱ ኪስ ዘፈን የሚያወጣ ሰው ለዚህ ጥያቄ ትልልቅ ስሞች አዘጋጅቶ ነው የሚሄደው። እኔም አዘጋጅቼ ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን "አጎቴ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ማይክ ሲሞክር" የሚለው ሆነ። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

እኔ ግን የምሬን ነው። እናቴ ከሥራ እስክትወጣ ድምፅ ከሚያስተካክሉበት ከሚክሰሩ ጠረጴዛ ሥር ደብተሬን ዘርግቼ ስቀመጥ፣ ተጋባዦቹ ሳይገቡ እርስዎ እነዚያን የሙከራ ካሴቶች ያጫውቱ ነበር። ያቺ ያለ ምንም መሣሪያ ብቻዋን የምትዘፍነው ሴትዮ፣ ከዚያ የፖሊሶቹ ባንድ፣ ከዚያ ያ ጊታሩን ይዞ የሚያንሾካሹከው ሰውዬ። ሴትዮዋ ትንፋሽ ስትስብ በስፒከሩ ቁልጭ ብሎ ይሰማ ነበር። ዛሬ ዘፈን ስቀዳ ትንፋሼን ቆርጬ የማልጥለው ከሷ ተምሬ ነው። ከሰውዬው ደግሞ ለመሰማት መጮኽ እንደማያስፈልግ ተማርኩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አልበሜ ሊያልቅ ነው፤ ዘጠኝ ዘፈን። ስቱዲዮ አልተከራየሁም። የምቀዳው ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆሜ ነው። ከምሠራበት ላውንደሪ ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው የቀሩ ካፖርቶች ተሰጥተውኝ ነበር፤ እነሱን ዙሪያዬን ሰቅያለሁ፤ ካፖርት ገደል ማሚቶን ይውጣል። ሊፍቱ ሲያልፍ ትንሽ ይገባል፣ ትቼዋለሁ። አንድ አቀናባሪ "ኪቦርድ ልጨምርበት፣ ይሞቃል" ብሎኝ ነበር፤ አይሙቅ አልኩት። ያለው ጊታሬ፣ ዝምተኛው የሚባለው ጓደኛዬ የሚጫወተው ቤዝ፣ እና ሩዝ ጨምሬ የምነቀንቃት አንዲት ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮዋ ስትነቀነቅ ሺሽ ትላለች ብለው አይቀልዱባት፤ የአልበሙ ልብ እሷ ናት።

"ደረጃ" የሚለውን ዘፈን በፍላሽ አድርጌ ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ። እርስዎ ሳይሰሙና "ይውጣ" ሳይሉኝ አንዷንም ለአድማጭ አላሰማም። ይህን ለዝምተኛው ጭምር ስለነገርኩት ወደ ኋላ ማለት የለም።

ግን ስልክ ለምን አያነሡም? ስንት ጊዜ ደወልኩ። እትዬም "ጋሼሽ ሥራ ላይ ነው" እያለች ትዘጋብኛለች።

አክባሪዎ
ጩጬ


ኅዳር 4

ይድረስ ለጩጬ

ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። የምትወጪው ደረጃ አያድክምሽ፤ ጉሮሮሽን ብርድ አያግኘው። እኛ ደህና ነን። እትዬሽን ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። በጣም በጣም ሰላም ብላሻለች።

ስለ ስልኩ አታድርቂኝ። ስልክ የሰውን ድምፅ አንቆ ነው የሚያመጣው። ዕድሜዬን በሙሉ ድምፅ ሳስተካክል ኖሬ፣ የእህቴን ልጅ ድምፅ ታንቆ አልሰማም። ጻፊልኝ፣ እጽፍልሻለሁ፤ የእጅ ጽሑፍሽም ይሻሻላል፣ የዶክተር ማዘዣ መስሏል።

ሬዲዮ ላይ ዋሽተሻል። ያቺን ሴትዮ አትወጃትም ነበር። "ጋሼ፣ ሴትዮዋን ዝም ያሰኙልኝ" እያልሽ ሱሪዬን ትጎትቺ ነበር እኮ! አንቺ የምትሞቺለት የፖሊሶቹን ባንድ ነበር። ጥሩምባው ሲጀምር ከጠረጴዛው ሥር የድስት ክዳን ትደበድቢ ነበር። አሁን ካደግሽ በኋላ ጣዕምሽን አሳምረሽ ወደ ልጅነትሽ መልሰሽ ላክሽው። ግድ የለም፣ ዘፋኝ ሁሉ እንደዚያ ነው። ለሚቀጥለው ጠያቂ ግን ስለ ድስት ክዳኑም ንገሪያት።

ዘፈኑን ሰማሁት። ጠዋት አዳራሹ ሳይከፈት በትልቁ ስፒከር ለቀቅኩት። ዜማው የሚያምር ነው። ቤዝ የሚጫወተው ልጅ ሰው ነው፤ ዝም የሚልበትን ቦታ ያውቃል። ሊፍታችሁ ግን ካንቺ በላይ ይዘፍናል፤ እሱን ቀንሺ። ትልቁ ችግር ቃላቱን ትውጫለሽ። አፍሽን እንደ ጨቅላ ሸፈን አድርገሽ ነው የምትዘፍኚው፤ እዚያ አገር "ሰ" እና "ሸ" የሚባሉ ፊደላት ተከልክለዋል እንዴ? አንዷንም አልሰማሁም። እስኪ ግጥሙን በወረቀት ጽፈሽ ላኪልኝ፤ የቱ ጋ እንደምትውጪው ላሳይሽ።

አዳራሹ አዲስ ስፒከር ገዝቷል። ርካሽ ነገር፤ ቀጭን ድምፅ ጨርሶ አያወጣም። ስለዚህ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ከተገኘ ላኪልኝ። ጠንከር ያለ ይሁን፤ ኃይሉ ከፍ የሚል።

"ይውጣ" አላልኩም። ገና ነው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 11

ለተከበሩት አጎቴ

ጋሼ፣ ለእትዬ ጉልበት ብርታቱን፣ ለእርስዎም ትንሽ ርኅራኄ እንዲሰጥዎት እየተመኘሁ ነው የምጽፈው። እኔ ደህና ነኝ፤ "ጨቅላ" ከተባልኩ ወዲህ ግን አንገቴን ደፍቻለሁ።

ስለ ድስት ክዳኑ ተሸንፌያለሁ። ረስቼው ነበር። አሁን ሳስበው ግን ቆርቆሮዋ ከየት እንደመጣች ገባኝ፤ እኔ ደግሞ ከላውንደሪው የእንፋሎት ካውያ የተማርኳት መስሎኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ ስተኩስ ካውያው "ሽሽሽ" ይላል፤ ሦስት ዘፈን የጻፍኩት በእሱ ምት ነው።

"ደረጃ"ን እንደገና ዘፈንኩት። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆሜ፣ ማይኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ እያንዳንዷን ቃል እንደ ዜና አንባቢ ለየሁ። ቀጭኑን ድምፅ ከፍ፣ የሊፍቱን ዝቅ አደረግኩ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን እወደው ነበር። በመጀመሪያው፣ ዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ የሄደው አሁን ገና ይመስላል፤ በዚህኛው የመሄዱ ማስታወቂያ የወጣ ይመስላል። ግን ለጆሮዎ ስል ነው። በልጅነቴ ሙዚቀኛ ሁሉ መድረክ ላይ ሆኖ ከታች ወደ እርስዎ ሲያይ አስታውሳለሁ፤ ጭንቅላትዎን ከነቀነቁ ይቀጥላል፣ ካልነቀነቁ ያቆማል።

ግጥሙ ይኸው፣ መጀመሪያ የሚመጣው፦

ጫማህን ሰማሁት ደረጃ ሲወርድ፣
ሳትሰናበተኝ ስትሸሽ በመንገድ።

የቀረውን በጀርባው ጽፌዋለሁ። ማዳመጫውንም ልኬያለሁ። ሻጩ "ይሄ ለአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ ይበቃል" ብሎ ምሎልኛል።

አልበሙን በግንቦት ላወጣው አስቤያለሁ። አንዲት ትንሽ መድረክ ያላት ቤት ለዚያ ወር ቀጠሮ ሰጥታኛለች። እባክዎ አይቆዩብኝ።

ጩጬ


ጥር 28

ይድረስ ለጩጬ

ልጄ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ካውያው አያቃጥልሽ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶ ነው። ምን ሥራ እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ አዳራሽ ሁልጊዜ ሥራ አለው።

ግጥሙን አነበብኩት። "ሳትሰናበተኝ" የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። አባትሽ የሄደ ቀን እኔም ደረጃው ላይ ነበርኩ። ስለዚህ ስለ ግጥሙ አንድ ቃል አልልም፤ ጥሩ ነው።

አቀዳዱ ግን አሁንም ደብዛዛ ነው። መስኮቱ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ቤት ይመስላል። እንዲያውም ያቺ የምትኮሪባት ቆርቆሮ የት አለች? ፈለግኳት፣ የለችም። ዘፈኑ ራቁቱን ነው ያለው። ሙዚቃ ላይ እንዲህ ስስታም አትሁኚ፤ ከቆረጥሽ ቁረጪ፣ ካስገባሽ አስገቢ። ቀጭኑን አሁንም ከፍ አድርጊው። አትፍሪ።

የማዳመጫው ሻጭ አታሎሻል። ድምፁ ሲጨምሩት ይታፈናል እንጂ አይጠራም። ከቻልሽ ሌላ ዓይነት ፈልጊ። ወይም ማዳመጫው ይቅርና ድምፅ የሚያጎላ ትንሽ አምፕሊፋየር ቢገኝ።

እናትሽን ሳገኛት ስለ ዘፈንሽ ጠየቀችኝ። ጩጬ በርትታለች አልኳት።

አጎትሽ


የካቲት 17

ጋሼ

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ እንደምን ሰነበቱ። ዛሬ ስለተናደድኩ ምርቃቱን አሳጥሬዋለሁ፣ ይቅርታ።

እንዳሉኝ ቀጭኑን ጨመርኩ። ደግሞ ጨመርኩ። "ደረጃ"ን ብቻ አይደለም፣ የሁሉም ዳኛ ያው ጆሮዎ ነው ብዬ ዘጠኙንም እንዲሁ አደረግኳቸው። ከዚያ ወደ አጣሪው ወሰድኳቸው። አጣሪው የምለው ዘፈን ሳይወጣ በፊት የመጨረሻውን ማስተካከያ የሚሠራልኝን ሰውዬ ነው፤ ነገር የማያበዛ፣ ሲሠራ እንኳ የማይተነፍስ የሚመስል ሰው። ግማሽ ዘፈን ሳይሰማ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ጣለው። "ለማን ነው ይሄን የምታዘጋጂው? ለሌሊት ወፍ?" አለኝ። "ሰ" ባልኩ ቁጥር መርፌ ነው አለኝ። ቆርቆሮዋ ጥርስ ትፍቃለች አለኝ። ዝምተኛው እንኳ፣ ከወር አንዴ የሚናገረው ሰውዬ፣ "ያሳምማል" አለ።

እርስዎ ቆርቆሮዋ የለችም ይሉኛል። እነሱ ከቆርቆሮዋ ሌላ ምንም የለም ይሉኛል። እኔ መሐል ቤት ቀርቻለሁ። ማታ ማታ ካፖርቶቹ መሐል ቆሜ "ሰ፣ ሸ፣ ሰ፣ ሸ" ስል የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ ወንበሩን መሬት ላይ ጎተተብኝ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው።

ስለዚህ ነገሩን ቀላል ላድርገው። እዚህ ፍላሽ ላይ "ደረጃ" ሁለት ጊዜ አለች። አንደኛዋ ቆርቆሮዋ ያለችባት፣ ሁለተኛዋ ቆርቆሮዋን ጨርሼ ያወጣሁባት። ሌላ ልዩነት የላቸውም። የትኛዋ ትሻላለች? ይህን ብቻ ይንገሩኝና በዚያ እሄዳለሁ። ግንቦት ደረሰ፣ መድረኳን ያከራየችኝ ሴትዮም "ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?" እያለች ነው።

አምፕሊፋየሩን እየፈለግኩልዎ ነው። እትዬን ሰላም ይበሉልኝ።

ጩጬ


መጋቢት 30

ይድረስ ለጩጬ

ሰላም ላንቺ፣ ላገርሽም ለጎረቤትሽም።

ቀልድ ነው ወይስ ንቀት? አንዱን ዘፈን ሁለቴ ገልብጠሽ ልከሽ "የትኛው ይሻላል?" ትይኛለሽ። ደግሜ ደግሜ ሰማኋቸው። አንድ ናቸው። አንዲት ነገር አልተለወጠችም። እንዲህ ያለውን ፈተና የሚፈትኑት ጀማሪን ነው። እኔ አንቺን ጠረጴዛ ሥር ያሳደግኩ ሰው ነኝ። አውቀሽ ካደረግሽው አዝናለሁ፤ በስህተት ከሆነ ደግሞ ሥራሽን በሥርዓት ያዢ።

እዚህ ትንሽ ግርግር ነበር። አንድ የነርሶች ምረቃ ላይ ማይኩ ፉጨት አወጣ። የገመድ ችግር ነው። ገመዶቹ አርጅተዋል፣ ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ። የአዳራሹ ባለቤት ለጊዜው ሚክሰሩ ላይ የእህቱን ልጅ አስቀምጧል። እኔ ወንበር መደርደሩን እቆጣጠራለሁ። ሥራው ቀላል ነው፤ ወንበር አይፎርሽም። ገመዱ ሲቀየር እመለሳለሁ።

አምፕሊፋየሩ ይቅር። አትድከሚ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 9

ለአጎቴ፣ ለጋሼ

በሕይወትዎ፣ በቤትዎ፣ በእትዬ ላይ ሁሉ ሰላም ይሁን። ደብዳቤዎን ዛሬ አግኝቼ ዛሬውኑ መልስ እየጻፍኩ ነው።

ልክ ነዎት። ስህተቱ የኔ ነው፤ ስገለብጥ አንዱን ፋይል ሁለት ጊዜ አስገብቼዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። የናቅኩዎት እንዳይመስልዎት፤ እንዲህ ያለ ነገር ከማስብ ዘፈን ባልጀምር ይሻለኝ ነበር።

ገመድ ክፉ ነገር ነው። እዚህም ያስቸግረናል።

"ደረጃ"ን እንደገና ቀድቼያታለሁ። ይህቺኛዋ ሌላ ናት። ዝቅ አድርጌ፣ ከደረቴ ነው የዘፈንኳት። ዝምተኛውን ቤዙን ወፈር አድርገህ ተጫወትልኝ ብዬዋለሁ። ቆርቆሮዋን አውጥቻታለሁ፣ ሳስበው ጊዜዋ ያለፈባት ነገር ናት። ግጥሙንም ነካ ነካ አድርጌዋለሁ፦

ደረጃው ነገረኝ ወርዶ መሄዱን ማልዶ፣
ልቤም አብሮ ሄደ ወደ ማዶ ነጉዶ።

የቀሩትን ስምንቱንም በዚህ መንገድ ልለውጣቸው ነው። መድረኳን ላከራየችኝ ሴትዮ ግንቦት አይሆንልኝም ብያታለሁ፤ ሌላ ጊዜ ይሆናል። የሚያስቸኩል ነገር የለም። ደህና አድርገው፣ ተረጋግተው ይስሙልኝና ይጻፉልኝ። ድምፁን ማዳመጫው ላይ እንደፈለጉ ይጨምሩት፣ አያምም።

ጋሼ፣ እወድዎታለሁ። ይህን በደብዳቤ ጽፌልዎት አላውቅም መሰለኝ።

ጩጬ


ሚያዝያ 27

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለጩጬ

ልጄ፣ የያዝሽው ሁሉ ይያዝልሽ። የማትይዢውንም መልቀቁን ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን፤ እትዬሽ አጠገቤ ተቀምጣ የምጽፈውን በትከሻዬ ላይ እያየች ነው። እንድታይ ፈቅጃለሁ።

ፍላሹን የሰማሁት እቤት ነው፤ ወደ ሚክሰሩ አልጠጋም አሁን። ማዳመጫውን አደረግኩ፣ ጫንኩት። ዝምተኛው ጀመረ። ከዚያ አንቺ ገባሽ። እንዲያው ምን ልበልሽ፣ የመጀመሪያውን ቃል ሰማሁት። ሁለተኛውን ሰማሁት። ዓመት ሙሉ የዘፋኝ ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን ወረቀት ሳልይዝ፣ ማንንም ሳልጠይቅ እስከ መጨረሻው ሰማሁሽ። እትዬሽ "ምን ሆነሃል?" ብላ እጄን ያዘችኝ። እያለቀስኩ ነበር፤ እኔ ግን የሳቅኩ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛ ጊዜ ስሰማው ገባኝ። ከፍ ያለ ድምፅ የለም። ቆርቆሮ የለም። "ሰ" የለም፣ "ሸ" የለም፣ "ፈ" የለም፤ ግጥሙን ጭምር በወፍራም ፊደል ብቻ አንጥፈሽዋል። አንቺ ይህን ሁሉ ያደረግሽው ቆርቆሮ ሰልችቶሽ አይደለም። አውቀሻል። ያኛውም ፍላሽ ስህተት አልነበረበትም፤ ሁለቱ ዘፈኖች ይለያያሉ። "ስህተቱ የኔ ነው" ብለሽ ሽፋን ሰጠሽኝ። አንቺን ጠረጴዛ ሥር ያሳደግኩ ሰው ነኝ አልኩሽ፤ ከጠረጴዛው ሥር ምን እንደምታዪ አላወቅኩም ነበር።

እንግዲያው ልንገርሽ፣ ከሌላ ከምትሰሚው። የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ፤ እትዬሽ ጎትታ ወሰደችኝ። ወፍራሙ ድምፅ አለ፣ ቀጭኑ ሄዷል፤ የቀረውም ቀስ እያለ ይሄዳል አለኝ። ይሄን ያህል ዘመን ስፒከር ሥር ቆመህ ይሄ ከቀረህ ዕድለኛ ነህ አለኝ። ዕድለኛ! የስልኩም ነገር ይኸው ነው። የነርሶቹ ምረቃ ላይ ገመዱ ምንም አልሆነም። ማይኩ ሲያፏጭ አልሰማሁትም። ሰዉ ሁሉ እጁን ወደ ጆሮው ሲያነሣ ሊያጨበጭብ መስሎኝ ድምፁን ጨመርኩላቸው። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ እትዬሽም አሁን ነው በትከሻዬ ላይ ያነበበችው።

ዘፈኖችሽንም አልሰማኋቸውም ነበር። ዜማውንና ቤዙን እሰማ ነበር፤ ቃሉን ከወረቀት ነበር የማነበው። የጎደለው ካንቺ መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ ካንቺ ነበር የመሰለኝ። ሰው ጆሮው ሲሄድ ጆሮዬ ሄደ አይልም፤ ዓለም አፏን ዘጋች ነው የሚለው። ዘጠኝ ዘፈን በኔ ምክንያት እንደ መርፌ ሆኑብሽ፤ ያ አጣሪ ሰውዬ ማዳመጫውን ወርውሮ ሳይሆን እኔን ቢወረውረኝ ይገባኝ ነበር።

አሁን የድምፅ ሰው ሆኜ ልናገር፤ ለመጨረሻ ጊዜም ቢሆን ሥራዬን ልሥራ። የላክሽልኝ ዘፈን ጥሩ አይደለም። ከታች ድምፅሽ ይደክማል፤ ሻንጣ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ይመስላል፤ አንቺ ደግሞ ድምፅሽ ጥርት የሚለው ከላይ ነው። ቆርቆሮዋ ስትወጣ ዝምተኛው ብቻውን ቀርቶ የሚሄድበት ጠፍቶት ይንከራተታል። ግጥሙን ደግሞ አበላሽተሽዋል። "ሳትሰናበተኝ" የሚለው ቃል ወረቀት አስጥሎኛል፤ "ነጉዶ" የሚለው ግን ቤት ለመምታት የመጣ እንግዳ ነው። አባትሽ አልነጎደም። ሳይሰናበት ሄደ። እንደዚያው ዝፈኚው።

ስለዚህ ስምንቱን ቀጭኑን ሳትጨምሪባቸው ወደ ነበሩበት መልሻቸው። ከ"ደረጃ"ም መጀመሪያ በመስከረም የላክሽልኝን ነው የምታወጪው፤ እኔ አፍንጫዬን ሳላስገባባት በፊት የነበረችውን። ሊፍቱም ይኑርበት። ለመድረኳ ሴትዮ ዛሬውኑ ደውለሽ እመጣለሁ በያት። "ይውጣ" እንድልሽ አትጠብቂ። ያልሰማሁትን ዘፈን ይውጣ ብዬ አላውቅም፤ ላንቺ ብዬ አሁን አልጀምርም። አንቺ ሰምተሽዋል፣ ዝምተኛው ሰምቶታል፤ ይበቃል። የመድረኩ ቀን ማንም ከታች ሆኖ ጭንቅላቱን አይነቀንቅልሽም፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ ዝፈኚ።

ያቺን ዝቅ ያለችዋን ግን ለማንም እንዳታሰሚያት፤ ከአልበሙም ጀርባ እንዳታስገቢያት። ጥሩ አይደለችም ብያለሁ። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ እሰማታለሁ፤ ወንበር ደርድሬ ስመለስም እሰማታለሁ። ቃሏ ሁሉ ይገባኛል። እሷ የኔ ናት።

አጎትሽ